ጉንጯ ሞላ

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ ለፍቅርአዲስ፤ ሪያድ።

ከቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታ ይድረስሽ። እኛ በመካነ ሰላም ያለነው፣ እኔ ከማርጀቴ በቀር፣ ተመስገን ደህና ነን።

የልጅሽን የየትምወርቅን ፎቶ አይተሽ «ጉንጯ ሞላ፣ ዳነች» ብለሽ እልል ማለትሽን ሰማሁ። ሰፈሩም እንዳንቺ እልል ብሎ ነበር። የደሴው ሐኪም ግን «ቆዳንና ጡንቻን የሚያስቆጣ፣ በልጆች ላይ ብዙም የማይታይ በሽታ ነው» ብሎ ክኒን ሲሰጠን፣ ጉንጯን የሚነፋው ክኒኑ እንደሆነ ነግሮኛል። ከፀሐይ እንድትጠበቅ፣ ክኒኑም እንዳይቋረጥ አደራ ብሏል። ለፀሐዩ የአባ መዝገቡን ጥላ ተውሼላት ቄስ መስላለች። «መስቀል አሳልሚኝ» ስላት በሳቅ ትሞታለች።

መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ከደሴ መኪና አልመጣም። የኛው መድኃኒት ቤትም «የለም» ከማለት ሌላ ሥራ የለውም። ጉንጯ አሁን ጎድሏል። ጎረቤት «ምነው ከሳች?» ሲለኝ «ልትቆነጅ ነው» እላለሁ። ፀጉሯን የማበጥርላት እኔ ነኝ፤ ክንዷን ማንሳት ሰልችቷታል። አበጣጠሬን ብታዪ ታለቅሻለሽ።

ትናንት ከመደቡ ደግፌ ሳስነሳት «ንግሥት ሆነሻል፤ ያለ አሽከር አትነሺም» አልኳት።

«አያ፣ ንግሥትም እኮ ራሷ ትነሣለች» አለችኝ።



አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ፣ ልብሱንና ጫማውን ተዪውና ክኒኑን ብቻ ላኪ። ከዚያ ወዲህ ይህን ደብዳቤ እስከ አዲስ አበባ ያደረሰልኝ ልጅ ተረፈ በእግሩም ቢሆን ያደርሰዋል።

የትምወርቅ በናፍቆት ትስምሻለች። በደህና ያገናኘን።

አጎትሽ አወቀ