ውሃ የማያስገባ ጓንት

ኅዳር 3

ሥራ ዋልኩ። የሆቴል መጋረጃ፣ ግራጫ፣ ገበር ያለው። ስፌቱ ቀጥ ብሎ ወጣልኝ። ምሳ በልቻለሁ መሰለኝ።

አመሻሽ ላይ አባባ ደወሉ። የባሌ አባት ናቸው፤ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ አባባ ነው የምላቸው።

"በጥር ተራራው ላይ እወጣለሁ" አሉ።

በየዓመቱ ከልጃቸው፣ ከባሌ ጋር ነበር የሚወጡት። ሁለቱ ብቻ። እኔ ብርድ ስለማልወድ ቤት ሆኜ እጠብቃቸው ነበር።

"ዘንድሮ ከማን ጋር?"

"ከእግሬ ጋር።"

ሰባ ያለፋቸው ሰውዬ... ብቻቸውን፣ በበረዶ።

"እኔም እመጣለሁ" አልኩ። ለምን አልኩ? እንጃ። እምቢ ማለት ጉልበት ይፈልጋል። እሺ ዝም ብሎ ከአፍ ይወጣል።

"ጓንት አለሽ?" አሉኝ።

ኅዳር 5

የለኝም። ፈለግኩ፣ የለኝም።

ኅዳር 9

እህቴ ደወለች። "ቤቱን ልቀቂና እኔ ጋ ነይ። ግድግዳ ስታዪ ልታብጂ ነው?" አላበድኩም። ግድግዳውንም አላየሁትም። እሺ አልኳት። ለሷም እሺ። ለአከራዬ በጥር መጨረሻ እንደምለቅ ነገርኩት። ለአባባ አልነገርኩም።

ከሱ ቀብር ወዲህ ሰው ሁሉ "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" ይለኛል። ከየት ነው የሚወጣው?

ኅዳር 14

ጓንት ገዛሁ። ከፌርማታው ፊት ለፊት ካለው ሱቅ። ጥቁር፣ ቀጭን፣ እጄ ላይ ልክክ ያለ። ሻጩ "ተሰፍቶልሽ ነው የሚመስለው" አለኝ። አንድ ነገር አለቀ።

ኅዳር 20

አላለቀም።

ከአባባ ጋር ከከተማው ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ወጣን። መለማመጃ ነው አሉ። ግማሽ መንገድ ላይ ዝናብ ጣለ። ጓንቱ ውሃውን ጠጣ፣ ጠጣ... ከዚያ ጣቶቼ የኔ መሆናቸው ቀረ። ዚፔን መዝጋት አቃተኝ። አያለሁ፣ እጄ ዚፑ ላይ ነው፣ ግን አይይዝም።

"አባባ፣ ዚፑን..."

እስከ አገጬ ዘጉልኝ። እንደ ሕፃን። ከዚያ ጓንቴን ጨመቁት፤ ውሃው ጠብ ጠብ አለ።

"ይሄ ለሠርግ ነው" አሉ። "ሙሽራ ሲቀበሉ የሚለበስ።"

መሳቅ ነበረብኝ። ጥርሴን አሳየሁ። እሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ወረዱ።

ኅዳር 27

የተራራ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። ጓንቱ ግድግዳ ሙሉ ነው። የትኛው ነው የሚሻለው? ማን ያውቃል? ቆሜ ቀረሁ። ሻጯ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ልጅ ናት፣ ማስቲካ ታኝካለች።

"ብስክሌት ለመንዳት ነው፣ በበረዶ ለመጫወት ነው፣ ለምን ነው?"

"ለመራመድ። ተራራ ላይ። በረዶ ይኖራል።"

የመጀመሪያውን አነሳሁ። "ውሃ አያስገባም" ይላል። ገልብጬ ስፌቱን አየሁ። መርፌ የገባበት ሁሉ ውሃም ይገባበታል፤ ይሄን ለኔ መንገር አያስፈልግም። መለስኩት። ሌላው ከውስጥ ስፌቱ ላይ ስስ ላስቲክ ተለጥፎበታል። ይሄ ይሻላል።

"ልብስ ሰፊ ነሽ እንዴ?" አለችኝ።

"መጋረጃ።"

ከዚያ በኋላ በደንብ አወራችኝ። ጠባብ ጓንት ይበርዳል አለች፤ ጣት ካልተንቀሳቀሰ ደሙም አይሄድም። ከታች ስስ የሱፍ ጓንት፣ ከላይ ሰፋ ያለ። የጓንቱ አፍ ረጅም ሆኖ የጃኬቱን እጅጌ ይሸፍን፣ አለዚያ በረዶው በአንጓ በኩል ይገባል። በጣም ለሚበርደው ሰው ደግሞ ጣት የሌለው፣ እንደ ከረጢት የሆነው፣ አውራ ጣት ብቻ ለብቻው ያለው።

"ጣቶች አንድ ላይ ሲሆኑ ይሟሟቃሉ" አለች። "እንደ ሰው።"

ለደንበኛ ሁሉ የምትለው ይመስለኛል። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 2

ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ካርቶን አወረድኩ። የሱ የተራራ ዕቃዎች። ጓንቱ ከላይ ነበር። ጣቶቹ እጥፍ እንዳሉ ደርቀዋል፣ ዱላ እንደጨበጠ። እጄን አስገባሁ። ሰፋኝ።

አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅኩ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ... ምንም። ካርቶኑን መልሼ ሰቀልኩት።

ታኅሣሥ 6

ከረጢቱን ገዛሁ። ቀይ ነው፣ ሌላ ቀለም አልነበረም። የሱፉንም።

ታኅሣሥ 19

ባልዲ ውሃ ውስጥ በረዶ ጨምሬ እጄን ከነጓንቱ ነከርኩ። ቆየሁ። ውስጡ ደረቅ ነው፣ ይሞቃል። ከነጓንቱ የቦርሳ ማሰሪያ መፍታት ተለማመድኩ። አባባ ደውለው "ምን እየሠራሽ ነው?" ሲሉኝ ነገርኳቸው። "ጎበዝ" አሉ። ስለሳቸው ጓንት አልጠየቅኩም። ለምን አልጠየቅኩም?

ጥር 9

ትናንት ነው የሄድነው። ዛሬ ልጻፈው።

ጠዋት ደህና ነበር። ከታች በረዶው ርጥብ ነው፣ ጫማ ላይ ይለጠፋል። አባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በዱላቸው በረዶውን ከቅርንጫፍ ላይ እያራገፉ፣ ቋጥኝ በእጃቸው እየያዙ ይወጣሉ። የኔ እጅ ይሞቃል። ሌላ ምንም አላሰብኩም። ዛፉ አልቆ ሜዳው ላይ ስንወጣ ነፋሱ መጣ። ፊት የሚልጥ ነፋስ።

አንድ ቋጥኝ ሥር ተጠግተን ምሳ ልንበላ ተቀመጥን። አባባ የቦርሳቸውን ማሰሪያ ይነካካሉ። ይነካካሉ... አይከፈትም።

"ልክፈትልዎት?"

"ተይ፣ እኔ እከፍተዋለሁ።"

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። የድሮ የሹፌርነት ጓንታቸው ነው። ቆዳ። ውሃ ጠጥቶ፣ ከላይ በረዶ ሠርቶ ቆርፍዷል። ጎትቼ አወለቅኩት። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ሻማ ይመስላሉ። ነጭ። ጫን አልኳቸው።

"ይሰማዎታል?"

"አይ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ትንሽ ቆየ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ እንመለስ ትያለሽ። ልጄ ጫፍ ሳይደርስ ተመልሶ አያውቅም።"

"ልጅዎ የለም!" አልኩ። ጮኼ። "የለም! እርስዎ ግን አሉ! እርስዎን ደግሞ በምን እጄ ልቅበር?"

የማን ድምፅ ነው? እኔ ነኝ። ተናድጄ ነበር። ስንት ጊዜ ሆነኝ ከተናደድኩ?

የጃኬቴን ዚፕ ከፍቼ እጆቻቸውን ብብቴ ሥር ልከት ስል ወደ ኋላ ሳቡ።

"ነውር ነው፣ ልጄ። የልጄ ሚስት ነሽ።"

"ነውሩ ይቅር! አምጡ!"

አመጡ። ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው ተቀመጡ። ቅዝቃዜው የጎድን አጥንቴ ድረስ ገባ። ያ ካርቶን ውስጥ ያለው ጓንት ትዝ አለኝ። ደረቅ፣ ወፍራም፣ ለሳቸው የሚሆን። ሁለት ወር ሙሉ ለራሴ ጓንት ስመርጥ የሳቸውን እጅ አንድ ቀን አላየሁም።

"ልትሄጂ ነው አሉ" አሉኝ፣ ሳይዞሩ።

"ማን ነገረዎት?"

"እህትሽ። ደህና እህት አለሽ። ጫፍ ላይ ስንደርስ ሂጂ ልልሽ ነበር። እዚያ ላይ ከሆነ አላለቅስም ብዬ።"

ከረጢቶቼን አጠለቅኩላቸው። ቀይ። አንጓቸው ላይ አጥብቄ አሰርኩ። እኔ በሱፉ ብቻ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ ከፊት ሆንኩ። ወረድን። ጫፉን ዞረው አላዩትም። እኔ ግን አየሁት። ቅርብ ነበር።

ተራራው ግርጌ ክሊኒክ አለ። ነርሷ እጃቸውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ከዚያ ሕመሙ መጣ። አባባ ጮኹ። ነርሷን ሰደቡ፣ ተራራውን ሰደቡ፣ እኔንም ትንሽ። ከዚያ የልጃቸውን ስም ጠሩ። ደጋግመው።

"ይጩኹ" አለች ነርሷ። "ካመመ ደህና ነው።"

ትከሻቸውን ይዤ ቆምኩ።

ጥር 13

የአባባ እጅ ውሃ ቋጥሯል። ሐኪሙ ጣቶቹ ይተርፋሉ አለ። የሁለቱ ጫፍ ግን እንጃ፣ እንጠብቅ። ቀኝ እጃቸው እንደ ጎመን ተጠቅልሏል። ለአከራዬ ደወልኩ፤ ቤቱን እስካሁን ለሌላ አልሰጠም።

ለእህቴም ደወልኩ። "ለጊዜው አልመጣም።"

"ስለ ሽማግሌው ብለሽ ነው?"

"ስለሳቸውም።"

ጥር 24

ዛሬ ሱቅ አንዲት የድሮ ደንበኛ መጣች። የሳሎን መጋረጃዋ ደርሶላታል። ጨርቁን እጄ ላይ ዘርግቼ አሳየኋት፣ ወደደችው።

"ባለቤትሽን ላኪልኝ" አለች። "ባለፈው እሱ ነበር የሰቀለልኝ። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው!"

"ሞቷል" አልኩ። "ባሌ ሞቷል።"

እንዲህ ብዬው አላውቅም። "ሄደ" እል ነበር፣ "የለም" እል ነበር። ቃሉ ከአፌ ወጣና ተከትሎት ሁሉም መጣ... ጨርቁ ላይ ተደፋሁ። አለቃዬ ከወዲያ "ጨርቁ! ጨርቁ!" እያለች ሮጠች። መጀመሪያ ጨርቁን ወሰደች። ከዚያ ወንበር አመጣች፣ ውሃ አመጣች፣ ደንበኛዋ አቅፋኝ እሷም ታለቅሳለች። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ስጨርስ ራበኝ።

ከሥራ ወጥቼ አባባ ጋ ሄድኩ። ሾርባ ሠራሁ። ጨው በዛ አሉ። በግራ እጃቸው ማንኪያ ሲይዙ ግማሹ ሸሚዛቸው ላይ ነው የሚቀረው፤ ላጉርስዎት ብል አይሰሙም።

"ዓይንሽ አብጧል" አሉኝ።

"አልቅሼ ነው። ሥራ ቦታ።"

"እኔ ደግሞ ባለፈው አውቶቡስ ውስጥ" አሉና ሾርባቸውን ቀጠሉ።

የግራ እጃቸው ጥፍር አድጓል። ቀኙ ታሽጎ እንዴት አድርገው ይቆርጡታል? እኔንም አይጠይቁም። ነገ መቁረጫ ይዤ እሄዳለሁ።