ቀኑ ሳይደርስ ወንፈል ከመለስሁ

ኅዳር 4፣ ጠዋት
ሰባ አራት ዓመቴ ነው። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ። አጥሬን ራሴ አጥራለሁ። ሽሮም እሠራለሁ፤ ጨው ይበዛዋል እንጂ ይበላል። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። አንተ ደብተር፣ ዝም ብለህ ተቀበል። ጻፍ ያለኝ የጤ/ጣቢያው ሐኪም ነው፣ ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ።

ሚስቴ ብርቄ ካረፈች ሁለተኛ ክረምቷ ወጣ። ልቤ ጨልሞ ከረመ። ራሴን ላጥፋ ብዬ አስቤአለሁ። ይኸው ጻፍሁት።

ማንም አላወቀብኝም ብዬ ነበር። ጎረቤቴ አያ ሙላት አወቀ። ነሐሴ ላይ ለአረም አንድ ቀን ውሎልኛል፤ ወንፈሉን በአጨዳ ልመልስ ነበር። ባለፈው ሳምንት፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ማጭድ ይዤ ደጁ ቆምሁ። ዕዳዬን ልክፈል አልሁ። የማኅበሩንም ጽዋ ተራዬ ሳይደርስ ልደግስ ብዬ ጠይቄ ኑሯል። አያ ሙላት ማጭዴን ቀማኝ።

«ያልደረሰ ጤፍ የምታጭድ፣ ወዴት ልትሄድ ነው የቸኮልኸው?»

እጄን ይዞ ጤ/ጣቢያ ወሰደኝ። እንደ ጥጃ።

ኅዳር 6፣ ከሰዓት
ልጄ የሺ ከሞጣ መጣች። እሷ፣ አያ ሙላት፣ ሐኪሙ፣ እኔ። ተቀመጥን። ሞጣ ልውሰድዎ አለች። እምቢ። የብርቄ መቃብር እዚሁ ቢቸና ነው። እንደ ሕፃን ልትጠብቁኝ ነው ወይ ብዬ ተቆጣሁ። ሐኪሙ አልተከራከረም። ክፉው ሐሳብ ሊመጣ ሲል በምን ይታወቃል ብሎ ጠየቀ። አያ ሙላት ዕዳ መክፈል ሲጀምር ነው አለ። የሺ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች።

ምልክቱ እሱ ሆነ። ቀኑ ሳይደርስ ወንፈል ከመለስሁ ብቻዬን አይተዉኝም። ሲብስብኝ እኔው እጠራለሁ፤ መጀመሪያ ሙላትን፣ ቀጥሎ የሺን፣ ቀጥሎ ሐኪሙን። ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒትም እውጣለሁ። በዚህ ተስማማሁ።

አንድ ነገር ቀረ። ጠመንጃው። ከቤት ይውጣ አሉ።

ኅዳር 7
የአባቴ ነው። እንዴት ለሰው ይሰጣል? ያለ እሱ ገበያ ወጥቼ አላውቅም። ተናድጃለሁ። የሺን መናኸሪያ ሸኘሁ። ስለሱ አንድም ቃል ሳትናገር ቆይታ፣ መኪናው ሊነሣ ሲል፣

«አባባ፣ ብረቱ ይሂድና እርስዎ ይቅሩልኝ።»

ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 9
ሰጠሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ራሴ ተሸክሜ፣ በመንገዱ መሀል። ጥይቱንም። ሸጡት ወይ አሉ። አደራ ነው አልሁ፣ አለፍሁ። አያ ሙላት ሣጥን ውስጥ ቆለፈው። ቁልፉን ሞጣ ለየሺ ላከ። ያንተ ብረት ከኔ ሚስት ይከብዳል ብሎ ቀለደ። ሚስቱ ሰማች። ሳቅሁ። ከሰኔ ወዲህ መሳቄ ነው መሰለኝ።

ትከሻዬ ቀለለኝ። ቅር ብሎኛልም። ሁለቱም እውነት ነው።

ኅዳር 12፣ ማታ
ዛሬ ከብዶኝ ዋለ። አልደበቅሁም። ሙላትን ጠራሁት። መጣ፣ አጥር አብረን አጠርን። መሸ፣ አለፈ።

ዕዳዬ ግን የእኔ ነው። ማንም አይከፍልልኝም። ሁሉንም በቀኑ።
ለአያ ሙላት የአንድ ቀን አጨዳ፣ ጤፉ ሲደርስ።
ለማኅበሩ ጽዋው፣ ጥር ላይ፣ በተራዬ።
ለሐኪሙ ማር፣ ቀፎው ሲቆረጥ። በመጪው ጥቅምት።
ለመርጡለ ማርያም ጥላ፣ ብርቄ የተሳለችው። በእግሬ ወስጄ።
ለየሺ በግ፣ ለፋሲካ፣ ሞጣ ድረስ ራሴ እየጎተትሁ።