ጾም ያፈርሳል ያልሁት ጠብታ

የካቲት ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፱

የመምህሩን ሰዓት ፈታሁ። የመዘውሮቿን ጥርሶች ላያቸው አልቻልሁም። ማጉያዬን ወለወልሁ፣ እንደገና አየሁ... ጉም። ጉሙ ማጉያው ላይ አይደለም።

አሥመራ ያለው ፈረንጅ ሐኪም የዓይኔን ሞራ አውጥቶ ትንሽ መስታወት ዓይኔ ውስጥ ከከተተልኝ ስምንት ዓመት ሆነው። ግራው ዓይኔ ከልጅነቴ የለም። ያለኝ ይኸው አንዱ ነው። ሚስቴ እናኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ ትላለች። ሁልጊዜ ትላለች። ሰዓት መሥራት ማን አስተማረኝ? ራሴ ነኝ፣ ፈትቼ ገጥሜ። ዓይኔንም እኔ አውቀዋለሁ።

የካቲት ፳፫

የዓይኔ ሕመም ጸና፣ አስመለሰኝ። ሐኪም ቤት ሄድሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። አብርቶ አየኝ። መስታወቱ የዓይኔን ስስ ሽፋን ሲፍቀው ኖሯል። ውስጡም ውሃው መውጫ አጥቶ ዓይኑን ወጥሮታል። ያን ጊዜ የገቡት ብዙዎቹ እንዲህ እየሆኑ ይወጣሉ አለ። ያኔ ማን አወቀ?

አሥመራ የታዘዘልዎን ጠብታ ጠዋት ማታ ያደርጉ ነበር ወይ አለኝ። አዎ አልሁ።

"በጾምስ?"

ጠብታው ጉሮሮ ድረስ ይወርዳል። ጾም ያፈርሳል ብዬ በሑዳዴ ጨርሶ እተወው ነበር። ባልተወው ይድን ነበር ወይ አልሁት። አላውቅም፣ ምናልባት ጥቂት ዓመት ይቆይ ነበር አለ።

የካቲት ፳፬

የንስሐ አባቴን መምሬ ኃይለ ማርያምን ጠየቅሁ። ለታመመ መድኃኒት ጾም አይሽርም አሉ። ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትጠይቀኝ አሉ።

ራሴ አንብቤ፣ ራሴ ፈርጄ።

የካቲት ፳፭

እንቅልፍ የለም። ጎሹ...

ጎሹ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ነው። አሥመራ አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። ያው መስታወት፣ ያው ጠብታ። የዛሬ ሦስት ዓመት በሑዳዴ ለቅሶ ቤት ተገናኘን። ጠዋት ሚስቱ ስታንጠባጥብለት አየሁ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ጎሹ፣ አፍህን ዘግተህ በዓይንህ ትጠጣ ጀመርህ?" አልሁት። ሳቁበት። ጠብታውን በጋቢው ጠረገው።

ትቶት ይሆን?

የካቲት ፳፯

ሑዳዴ ገባ። መስታወቱ ዓርብ ይወጣል። ብርሃን ይለዩ ይሆናል፣ ማየት ግን አይጠብቁ ብሎኛል ሐኪሙ።

ከዚያ በፊት ጎሹን ላገኘው ይገባል።

የካቲት ፳፱

ፊደሌን አተልቄ እጽፋለሁ። መስመሩ ይጥመም።

በአውቶቡስ አምባ ጊዮርጊስ ሄድን፣ እናኑ እጄን ይዛ። ጎሹ ከማሳው ሆኖ ከሩቅ ለይቶ በስሜ ጠራኝ። ዓይኑ ሸጋ ነው። ከዚያ ለቅሶ ወዲህ ግን በጾም አንዲት ጠብታ አላስነካሁም አለኝ።

ያዋረድሁት በሰው ፊት ነው። ጎረቤቶቹ እያዩ ከደጁ ድንጋይ አንስቼ አንገቴ ላይ አደረግሁና ጎንበስ አልሁ። ደነገጠ። ድንጋዩን አወረደልኝ፣ ጉልበቴን ሳመ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር አለ።

ሐኪሙ ያለውን ነገርሁት። መምሬ ያሉትን ነገርሁት። ዛሬውኑ ጀምር፣ ለምርመራም አብረን እንውረድ አልሁ።

"አያ ቢያዝን፣ ይቅርታው ከልቤ ነው። ጠብታውን ግን አላደርግም። ያኔ ያፈርሳል አሉኝ፣ ዛሬ አያፈርስም ይሉኛል። እርስዎ ዓይንዎ ሲጠፋ ፈሩ።"

"የአንተ እንዳይጠፋ ነው የመጣሁት።"

"የእኔማ ያያል። ምኔን አሞኝ ነው የምወርድ?"

እኔም ስምንት ዓመት ሙሉ ያልሁት ይህንኑ ነው። እናኑ ለመነችው። ሚስቱም አለቀሰች። አልሰማም።

ስንመለስ ክንዴን ይዞ እስከ አውቶቡሱ መራኝ። እዚህ ጉድባ አለ፣ እዚህ እግርዎን ያንሱ እያለ። አንዲት ጠጠር አላመለጠችውም።