የወንድሜን ካባ ስለ ማጥበብ

ለተከበሩ የቅይጥ ማርሻል አርት ውድድር አዘጋጅ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ይህ ደብዳቤ ክቡርነትዎን ከነቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ስለ ጉሮሮዎ ግን ለብቻው ልጠይቅ። ባለፈው ግጥሚያ የወንድሜን ስም እየጠሩ ሲጮኹ ቆይተው፣ እሱ አንገቱን ታንቆ የባላጋራውን ክንድ መታ መታ በማድረግ እጅ ሲሰጥ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይሰበስቡ የባላጋራውን ስም መጥራት ስለ ጀመሩ፣ ያ የተከበረ ጉሮሮ ጉዳት እንዳልደረሰበት ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እርስዎ “አይበገሬው” ብለው ስም ያወጡለት ተፋላሚ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ነው። የተሸነፈው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ለዋሉልን ውለታ በአካል መጥቼ ላመሰግን ብል፣ ጸሐፊዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው ስለምትለኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ብርሃኑ አመሰግናለሁ። የወንድሜን ምስል የያዘውን ትልቅ ሸራ በምንኖርበት ሕንፃ ላይ ሲሰቅሉ፣ ደረቱ ያረፈው እኔ በምሰፋበት ክፍል መስኮት ላይ ነበር። በዚህም የተነሣ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቼ ከገዛ ወንድሜ ደረት ጀርባ ስሰፋ ከርሜያለሁ። ጥቂት ከፍ አድርጉልኝ ብዬ ብለማመጥ ቢሮዎ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኝ ነበር። በተሸነፈ ማግስት ግን ገና ቁርስ ሳንቀምስ ሠራተኞችዎ መሰላል ተሸክመው ደረሱ። እንዲህ ያለ ቀልጣፋ መሥሪያ ቤት መኖሩን ባለማወቄ አፍሬያለሁ። አሁን ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የማስገባው በፀሐይ ብርሃን ነው። ወንድሜ ግን ሲያወርዱት እዚያው መስኮት ሥር ቆሞ ያይ ስለነበር ብርሃኑን እንደ እኔ አልወደደውም።

ሁለተኛ፦ ስለ ጸጥታው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ በእኛ ቤት ግን ምሳር ይዞ እንኳ ብቅ ያለ የለም። ወንድሜ ሲያሸንፍ የእናታችን የአክስት ልጅ መሆኑ ትዝ ያለው ሰውዬ፣ አሁን ተመልሶ ተራ ጎረቤት ሆኗል። ወንድሜ እንደሁ ሽንፈቱን ችሎታል። እናታችን ያበጠ ፊቱን በሞቀ ውሃ ስታጥብለት፣ “በልጦኝ ነው እማዬ፤ አንገቴን ሳልጠብቅ ቀረሁ፣ ሌላ ጊዜ እጠብቃለሁ” ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መሸነፉን መቻል ያቃተው እርስዎን ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ ውሉ። እርስዎ አያጋጥሙትም፤ ሌላ አዘጋጅ ዘንድ ሄዶ እንዳይጋጠም ደግሞ ውልዎ ይከለክለዋል። ጠዋት ልምምዱን ሠርቶ ይመለስና ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲጠብቅ ይውላል። እሱን እንዲያ ሆኖ ማየት አንጀቴን ይበላዋል። እዚህ ላይ እየቀለድኩ አይደለም።

አራተኛውና ለመጻፍ ያስነሣኝ ጉዳይ የሚከተለው ነው። ትናንት መልእክተኛዎ ተፋላሚ ወደ መድረክ ሲገባ የሚደርበውን አንድ ካባ ይዞ ወደምሰፋበት ክፍል መጣ። ትእዛዙም ትከሻው ይጥበብ፣ እጅጌው ይጠር፣ በጀርባው የተጠለፈው “አይበገሬው” የሚለው ስም ግን እንዳይነካ የሚል ነበር። ካባውን መለካት አላስፈለገኝም፤ የሰፋሁትም ስሙን የጠለፍኩትም እኔ ነኝ፤ አንገትጌው ላይ ወንድሜ ለግጥሚያው የተቀባው ቅባት ሽታ እንኳ ገና አልለቀቀም። አዲሱ አይበገሬ ቀጠን ያለ ወጣት መሆኑን ከተላከልኝ ልክ ተረዳሁ። በልጁ ቅር አላለኝም፤ እሱም የተሰጠውን ነው የሚለብሰው። መልእክተኛዎም ማን መሆኔን ሳያውቅ ዋጋ ተከራክሮኝ ሄደ። ከከተማው ልብስ ሰፊ ሁሉ የተሸናፊውን እህት የመረጣችሁት ሆን ብላችሁ ቢሆን ኖሮ በተጽናናሁ ነበር፤ ቢያንስ ታስታውሱናላችሁ ማለት ነውና።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው፤ ወይ ያጋጥሙት፣ ወይ ይልቀቁት። ሁለቱም ከካባ ማጥበብ ያነሰ ድካም የሚጠይቁ ናቸው።

ለድርጅትዎ ዕድገት፣ ለሚጠሯቸው ስሞች መብዛትና ለማይደክመው ጉሮሮዎ ዘወትር የምጸልይ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የቀድሞው አይበገሬ ታላቅ እህት፣ የአዲሱ አይበገሬ ልብስ ሰፊ።

ሳልረሳው፦ ካባው አልቋል፤ መልእክተኛዎ መጥቶ ሊወስደው ይችላል። ትከሻውን ሳጠብ ትርፉን ጨርቅ አልቆረጥኩትም፤ ወደ ውስጥ አጥፌ ላላ አድርጌ ነው የሰፋሁት። የሚቀጥለው አይበገሬ ሰፋ ያለ ሰው ከሆነ ለመተርተር አያስቸግርም።