በሕብሬ መሪ ላይ

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ሕብሬ፣ መኪናህን ዛሬም አጠብኳት። የትም አልሄደችም፣ አቧራም የለባት... ግን አጠብኳት። አትቆጣ፣ በልብስ ሳሙና አይደለም፣ አንተ በገዛኸው የመኪና ሳሙና ነው። ቻርጅም ሰካሁላት። ሙሉ ናት። አንተ ብትኖር እንዲህ ሙሉ ሆና ደጅ ላይ ትውል ነበር?

ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። እግሬ አላርፍ አለ። ጉልበቴ ዴስኩን ሲያንቀጠቅጠው አጠገቤ ያለው ልጅ "ወባ ያዘህ እንዴ?" አለኝ። ወዲያው ምን እንዳለ ገባውና አንገቱን ደፋ። በምን እንደሞትክ የማያውቅ የለም። "ድካም ነው፣ ድካም ነው" እያልክ ስትነዳ አጠገብህ የተቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ።

አባዬ አሁንም የሚተኛው እኛ ክፍል ነው፣ ያንተ አልጋ ላይ። እስከ አርባው ልጁ ብቻውን አይደር አሉ። ሲያንኮራፋ ለጉድ ነው። ዝም ሲል ደግሞ ተነስቼ አየዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ስልክህ ጠራ። አነሳሁት። የአውቶቡስ ሾፌር። "ሕብረት ነህ? ከአዲስ አበባ ዕቃ ተልኮልሃል።"

"አዎ" አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ?

ትንሽ ካርቶን ነው። አራት ጥቁር በተን፣ ሽቦ፣ ሥዕል ያለበት የቻይንኛ ወረቀት። መሪው ላይ የሚገጠሙ ናቸው። አንዱን ስትጫነው መኪናዋ ባትሪ ትቆጥባለች፣ አንዱን ስትጫነው ጉልበት ታወጣለች። ስክሪን መንካት ቀረ ማለት ነው።

ስክሪኑን የምነካው እኮ እኔ ነበርኩ። ቻይንኛውን አንተም እኔም አናነበውም፣ ቦታውን በቃላችን ነው የያዝነው። ስም ያወጣህላቸውም አንተ። ቆጣቢው እማዬ። መደበኛው አባዬ። ተስፈንጣሪው ስርጉት፣ እህታችን በእርምጃ ሄዳ አታውቅማ። ዳገት ላይ "ስርጉትን ንካ!" ትለኛለህ። ሜዳ ላይ "በቃ፣ እማዬን!" ተሳፋሪው ይስቃል። አንዷ ሴትዮማ "እናቱን ንካ ይለዋል እንዴ!" ብላ አማተበች...

ታዲያ ለምን አዘዝካቸው? እኔ አለሁ አይደል? ልታወርደኝ ነበር?

ካርቶኑን አልጋዬ ስር ከተትኩት። ለማንም አልነገርኩም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

አባዬ ራት ላይ፣ ሳህኑን እያየ፦ "ከአርባው በኋላ መኪናዋ ሥራ ትጀምር። ሙዳሲር ይንዳት።"

እማዬ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች።

ሌላ ሰው ቢሆን እጮህ ነበር። ግን ሙዳሲር ነው። ካንተ ቀብር ጀምሮ ባጃጁን አቁሞ ደጃችን የሚውል ጓደኛህ። ምን ይባላል?

ደግሞ... ስክሪኑን አያውቀውም። አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል። ቅዳሜና እሁድ። ከትምህርት በኋላም። ካርቶኑ እዚያው አልጋ ስር ይቆይ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ሙዳሲር ሊለማመድ መጣ። በሩን ከፍቶ መቀመጫህን እያየ ብዙ ቆመ። "ቢስሚላህ" ብሎ ገባ። ቁመቱን ታውቀዋለህ፣ ግን ወንበሩን ወደ ኋላ አልገፋውም። አንተ እንደተውከው፣ ጉልበቱ መሪውን እየነካ ነዳ።

ወደ ሸርቆሌ መንገድ ወጣን። "አኹይ፣ ወንድሜ፣ ይሄ መኪና ምንም ድምፅ የላትም" አለኝ። "ሰው እንዴት ይሰማታል?"

ዳገቱ ጋ ስንደርስ "አሁን የቱ ነው?" አለ። "ስርጉት" ብዬ ነካሁ። እሱም አብሮ ስክሪኑን አየ። አንተ አታይም ነበር። "ንካ" ካልከኝ በቃ፣ ዓይንህ መንገዱ ላይ ነው። እሱ ግን አየ... ቀና ስንል አንዲት ሴት ፊታችን ናት። ትከሻዋ ላይ አጣና፣ በግራና በቀኝ ጄሪካን ተንጠልጥሎበታል። ሙዳሲር ጠመዘዘ። መስታወቱ አንዱን ጄሪካን መታው፣ ሴትየዋ ከነአጣናዋ እንደ እንዝርት ዞረች። ውኃው ፈሰሰ። እሷ አልወደቀችም። አልነካናትም።

ሙዳሲርን በበርታኛ ልክ ልኩን ነገረችው። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ በአማርኛ፦ "እናንተ ቴሌቪዥን ታያለህ፣ ሰው አታይም? እኔ ልጆች አለኝ ቤት!"

ውኃዋን ቀድተን፣ እቤቷ ድረስ ተሸክመን መለስንላት።  ስንመለስ ሙዳሲር የመኪናውን ቁልፍ ለአባዬ ሰጠው። "ጋሽ ጎሹ፣ ይቅርታ። እኔ ባጃጅ ይሻላል።"

አባዬ ቁልፉን እያገላበጠ ቀረ። ሌላ ሰው ይፈልግ ይሆን? ወይስ ይሸጣታል?

ካርቶኑ አልጋዬ ስር ነበር። በተኖቹን ብሰጠው ስክሪኑን ባላየ ነበር...

እሁድ፣ ኅዳር 7

ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። በተኖቹን ልገጥም መሪውን ፈታሁት።

ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የተሳለው ባትሪ ነው፣ ሽቦው የተነቀለ። ቀጥሎ ሰዓት። ሰዓቱ ገብቶኛል፣ ጠብቅ ማለቱ ነው። አልጠበቅኩም። ሰሞኑን መጠበቅ የሚባል ነገር አልችልም። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ባትሪውን መለስኩ።

በተኖቹ አልበሩም። ጭራሽ ቀይ መብራት መጣ። የተቀመጠ ሰው ሥዕል ነው፣ ሆዱ ላይ ኳስ የታቀፈ የሚመስል። አጥፍቼ አስነሳሁ። ያው ነው። ደግሜ... ያው።

እማዬ ነጠላዋን እንደተከናነበች በሩ ጋ ቆማለች። የተፈታውን መሪ አየችው።

"እጁ የነበረበትን... እሱንም አፈረስከው?"

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሙዳሲር ጉዲናን ይዞት መጣ። ባምባሲ መንገድ ላይ ያለውን የመኪና ኤሌክትሪሺያን። መሪውን ገና ከሩቅ ሲያየው ሳቀ።

"የማነው ጀግና? ይሄ እኮ ኤርባግ ነው፣ በግጭት ጊዜ የሚነፋው። ፊትህ ላይ ቢፈነዳስ?"

እማዬ ሰማች። "አንዱን ቀብሬ..." አለችና ሳትጨርሰው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሕብሬ፣ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ጉዲና ባትሪውን ነቀለና "ሻይ አለ?" አለ። "ሻዩ እስኪያልቅ ማንም እንዳይነካ። ውስጡ የተረፈ ኤሌክትሪክ አለ፣ ቀስ ብሎ ይውጣ።" ሰዓቱ ሻይ ነበር ለካ። ስርጉት ብርጭቆ ይዛ ስትሮጥ ግማሹን ደፋችው። እኔ መቆም መቀመጥ አቃተኝ። ሙዳሲር ሸሚዜን ጎትቶ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

"በተኑን አውቀዋለሁ እኔ" አለኝ። "ሕብሬ ሲያዝዝ አብረን ነበርን።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንተ ለምን ደበቅክ?"

የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። እሱ ቀጠለ፦

"ሕብሬ ምን አለኝ፣ 'ጌቴ ሰኔ ላይ ትልቅ ፈተና አለው። ከኔ ጋር ዳገት ሲወጣ ሲወርድ መቼ ያነባል? በተኑ ይምጣ፣ እሱ ቤት ይቀመጥ።' እና ፈራ።"

"ምን ፈራ?"

"አንተን ነዋ! ይቆጣል አለ። ደግሞ 'ማን ያስቀኛል' አለ።"

ፈራኸኝ? አንተ... እኔን?

ሻዩ አለቀ። ጉዲና ሶኬቱን አሳየኝ፣ ግማሹ ብቻ ነበር የገባው። ቀጭ እስኪል ገፋው። መሪውንና ባትሪውን መልሶ ገጠመና ይዞት በመጣው መመርመሪያ ማሽን ቀይዋን መብራት አጠፋት። በተኖቹ በሩ። ሙዳሲርን "ግባ" አልኩት።

"እኔ ባጃጅ ነኝ ብያለሁ።"

"ከእንግዲህ ስክሪኑን አታይም። ግባ።"

ገባ። ግቢያችንን ሁለት ጊዜ ዞራት። ዓይኑን ከፊቱ አልነቀለም። ሲወጣ የመኪናውን ቁልፍ ለአባዬ አልመለሰም፣ ኪሱ ከተተው። አባዬም አልጠየቀው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ስርጉት የጥፍር ቀለም አምጥታ በተኖቹ ላይ ጻፈች። ማ። ጎ። ስ። የራሷን ከሁሉ አተለቀችው። አራተኛው በዚህች መኪና ላይ ሥራ የለውም፣ ምንም አይቀይርም። እሱ ላይ "ጌ" ብላ ጻፈችበት።

"ምንም የማይሠራው ያንተ ነው።"

አባዬ አጎንብሶ አየ። "እኔ የቱ ነኝ?"

"ጎ፣ መሃለኛው። መደበኛው።"

"መደበኛ ጥሩ ነው" አለ።

"እኔስ?" አለች እማዬ ከኋላ። መምጣቷን አላየናትም። ቆጣቢዋ አንቺ ነሽ አልናት። "እሱ ነው ያለው?" አለች። ማ ላይ ጣቷን አሳርፋ ቆየች። አልተጫነችውም።

እሁድ፣ ኅዳር 14

አርባህ ዛሬ ነበር። ሰው ብዙ ነው። ሙዳሲር ወንበር ሲያመላልስ ዋለ። ሌላ መጻፍ አልችልም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

አባዬ ትናንት ወደ ራሱ አልጋ ተመለሰ። ጠዋት ስነቃ ክፍሉ ውስጥ የሚያንኮራፋ የለም። አልጋህ ተነጥፏል። ተኝቼ ልቆይ ፈልጌ ነበር... ተነሳሁ።

ቻርጁን ነቀልኩ። ገመዱን ጠቅልዬ አንተ በምትሰቅልበት ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ሙዳሲር መጣ። "ወንበሩን ወደ ኋላ ግፋው" አልኩት። አየኝ። "እርግጠኛ ነህ?" አለ። "ግፋው፣ ጉልበትህ በተኑን ይጫናል።" ገፋው። ከኋላ ቆሜ ከግቢ እስኪወጣ መራሁት። በጎን ያለውን፣ የኔን በር አልከፈትኩም።

ሻይ ጠጣሁ። የፊዚክስ መጽሐፌን ይዤ በእግሬ ሄድኩ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ የመንገዱ ጉድጓድ ጋ፣ መኪናህ መጣች። እንደ ልማዷ ድምፅ የላትም፣ ዞር ስል አጠገቤ ናት። በተሳፋሪ ሞልታለች። ልጆች ከፊቷ ይሻገሩ ስለነበር ቀስ አለች። ሙዳሲር አላየኝም። ዓይኑ ልጆቹ ላይ ነበር። አውራ ጣቱ ግን መሪው ላይ ተንቀሳቀሰች።

የቱን እንደተጫነ አላውቅም። ልጆቹ ተሻገሩ። እኔም ገባሁ።