ያልተጻፈ አይሳልም

ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.
መተማ ዮሐንስ

ይድረስ ለወረቀት እህቴ፣ ገዳሪፍ

እንዴት ነሽልኝ? እናትሽ፣ አባትሽ፣ ያ የፊት ጥርሱን ያወለቀው ታናሽ ወንድምሽ፣ የወፍጮ ቤታችሁ ሰዎች ሁሉ እንዴት ናችሁ? እኛ ለሚያውለንና ለሚያሳድረን አምላክ ምስጋና ይሁንና ከሙቀቱ በቀር ምንም አልሆንንም። ጦርነቱ ወደናንተ እንዳይዞር እናቴ ጠዋት ጠዋት «ያችን የገዳሪፍ ልጅ አደራ» እያለች ትጸልያለች። አይታሽ አታውቅም፤ ግን ከልጆቿ መሐል አስገብታሻለች።

ሥዕልሽ ደርሶኛል። ሹፌሩ አለምሰገድ ከጋቢናው ጣሪያ ሸጉጦ ነው ያመጣልኝ። ጥግ ጥጉ ላብ ነካክቶታል እንጂ ምንም አልሆነም።

መጀመሪያ ልቆጣሽ ነበር ብዕር ያነሣሁት። መምህር ኪዳንና የናንተው ኡስታዝ ሙዓዝ ይህን የጽሑፍና የሥዕል ልውውጥ ሲጀምሩልን ምን ነበር ያሉን? አንዷ አገሯን በቃላት ትጽፋለች፣ ሌላዋ ሳታየው ትስላለች፤ ያልተጻፈ አይሳልም። እስካሁን አክብረሽው ነበር። ፍየላችንን ጻፍኩልሽ፤ ይቅር ይበልሽና ቀንድ ያላት አህያ ላክሽልኝ። የጓንግን ወንዝ ጻፍኩልሽ፤ ገመድ ላክሽልኝ። ከትከት ብዬ ስቄ «ጎሽ እህቴ» አልኩ። እጅሽ እንደዚያ እንደሆነ አውቄ ነው የወደድኩሽ። አማርኛውን የሚያነብልሽም በወፍጮ ቤታችሁ ጆንያ የሚሸከም አንድ ሐበሻ እንደሆነ ነግረሽኛል። ስሙን ሲጠይቁት «ሐበሻ በሉኝ፣ ይበቃል» ይላል ብለሽ ጽፈሽልኝ፣ ዓረብኛሽን የምታነብልኝ ጎረቤታችን ውቢት «ምስኪን፣ ማን ያውቃል የማን ልጅ ነው» ብላ ነበር።

አሁን ግን የላክሽው የአንቺ እጅ አይደለም።

አራተኛው ጽሑፌ «ቤታችን ሲመሽ» የሚል ነበር። በዚህ ወራት ቤት ውስጥ የሚተኛ እንደሌለ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ አንገሬቦቹን፣ የጠፍር አልጋዎቹን ማለቴ ነው፣ ግቢ እንደምናወጣቸው ጻፍኩልሽ። አፈሩ ውሃ ሲረጭበት እንዴት እንደሚሸት፣ ከዋክብቱ እንዴት ዝቅ እንደሚሉ፣ ከእንቅልፍ በፊት ባለችው ሰዓት ግቢው ከነአልጋው ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ እንደሚመስለኝ ሁሉ ጻፍኩልሽ። አምስት አልጋ፣ በየአልጋው አንድ አንድ ሰው አልኩሽ።

ሥዕሉን ስገልጠው ደነገጥኩ። እናቴ አለች፤ ነጠላዋን በዓይኗ ላይ ጥላ። ታናሼ ጸዳለ አለች። እኔም አለሁ፤ አንዱ እጄ ከአልጋው ወርዶ መሬት ይነካል። እውነት ነው እንደዚያ ነው የምተኛው፤ ግን መቼ ጻፍኩልሽ? ከመሐል ደግሞ ትልቅ የኒም ዛፍ ቆማለች፤ ከቅርንጫፏ የትራክተር ጎማ ተንጠልጥሎ ዥዋዥዌ ሆኗል። እኛ ግቢ ኒም የለም እኮ! ነበረች፤ ከተቆረጠች ሁለት ዓመት አለፋት። ጎማውን ለእኔ ብሎ ያሰረው ወንድሜ ነበር።

ሁለቱ አልጋዎች ደግሞ ባዶ ናቸው። አንደኛው ከኒሟ ሥር ያለው፣ ሌላው ከበሩ ዘንድ ያለው።

መምህር ኪዳን አይተው «ያልተጻፈ ዛፍ በቅሏል፣ የተጻፉ ሁለት ሰዎች ጠፍተዋል» ብለው ከአስር አምስት ሰጡን። እኔ ግን ሥዕሉን ከትራሴ ሥር አድርጌ ስተኛ ያች የሌለች ኒም ስትንሾካሾክ እሰማለሁ፤ በሕልሜም ከወረቀቱ ውስጥ ገብቼ ዥዋዥዌው ላይ እቀመጣለሁ፤ ከኋላዬ የሚገፋኝ አለ፣ ዞሬ ግን አላየውም።

እንግዲህ እኔም ዋሽቼሽ ነበርና ልናዘዝ። አምስት ሰው አይደለንም። ከኒሟ ሥር የነበረው አልጋ የታላቅ ወንድሜ የባየልኝ ነው፤ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ማንም አልተኛበትም።

ነገሩ የሆነው በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ነው። ከኮኪት ወዲያ ካለው እርሻችን ባየልኝ ትራክተሩን ይነዳል፣ አባዬ እንደ ልማዳቸው ከጎማው ክዳን ላይ ተቀምጠዋል። እዚህ አገር ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሄደው፤ ስንቱ ወድቆ የሚማር ጠፋ እንጂ። ጉድባው ላይ ሲንገጫገጭ አባዬ ከጎማው ሥር ገቡ። የጎጃም አጫጆች ከበቧቸው፣ እሪታው ቀለጠ፣ አንዱ የሚተኛበትን ጋቢ አምጥቶ ከራስ እስከ እግር ሸፈናቸው። ባየልኝ ጋቢውን አየ። ወደ ጠረፉ ሮጠ፤ ያ ሩጫው እስካሁን አልቆመም።

አጫጁ ግን የሸፈናቸው ከፀሐይ ነበር እኮ! የቆላ ፀሐይ የቆሰለ ሰው አይምርም ብሎ። ወይ አበሳ! ትንሽ ቢቆም ኖሮ ጋቢው ሲንቀሳቀስ ያይ ነበር። አባዬ ጎንደር ሆስፒታል ሁለት ወር ተኝተው ቀኝ እግራቸውን ጥለው ተመለሱ። ልጁን ያላስፈለጉበት ጠረፍ፣ ያልጠየቁት ሹፌር የለም። አንድ ዓመት ሙሉ ትራክተሩን ሲረግሙ ከርመዋል፤ የልጁን ስም ከአፋቸው አያወጡም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን «የልጁን አልጋ አውጡ» ይላሉ። አንድ ቀን ቸል ብል ራሳቸው በምርኩዝ እየተንገዳገዱ ጎትተው አወጡት፤ ከዚያ ወዲህ ቸል ብዬ አላውቅም።

ሥዕሉን ባለፈው እሑድ አሳየኋቸው። አተኩረው አዩት። ኒሟን በጣታቸው ዳሰሷት። ከዚያ ከበሩ ዘንድ ያለውን አልጋ እያሳዩኝ «ይኼ የኔ አይደለም ወይ? ለምን ባዶ አደረገው?» አሉኝ። ወዲያው ራሳቸው ቀስ ብለው «አሃ… አባቴ ሞቷል ብሎ ነዋ፤ ይህን ሁሉ ዘመን ሞቷል ብሎ» አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ጋቢው ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ስለዚህ አምስተኛውን ጽሑፌን ተቀበዪ። በአልጋ ብዛት አላታልልሽም፤ አንድ አልጋ ብቻ ነው።

ከበሩ ዘንድ ባለው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል። ጢማቸው ሸብቷል። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች የለችም፤ የጎደለው እሱ ብቻ ነው። ምርኩዛቸው ከአልጋው ተደግፏል፤ እንጨቱ ያች ኒም ናት፣ ለዚህ ነው የተቆረጠችው። ሲያንኮራፉ ጠረፉን ተሻግሮ ይሰማል፣ እሱ አይሳልምና ተዪው። በሩ ሲንኳኳ ግን ከሁላችን ቀድመው የሚነሡት እሳቸው ናቸው፤ ቀና ይሉና «ማነው?» ይላሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ይህንን በደንብ አድርገሽ ሳዪልኝ።

የሳለው ማን ነው ብዬ አልጠይቅሽም። ይህን ለሚያነብልሽ ሰው ሰላምታዬን ስጪልኝ። እዚህ ሲደርስ ድምፁ ቢቆራረጥ አታቻኩዪው፤ ውሃ ቅጂለት፣ ጨርሶ ያንብበው።

ስለ ኒሟ ሥር አልጋ ግን አንድ ቃል አልጽፍልሽም። ያልተጻፈ አይሳልም። ባለቤቱ መጥቶ ይተኛበት። ሰኔ ሲገባ አልጋዎቹን ወደ ቤት እናስገባለን፤ ከዚያ በፊት ቢሆን ደስ ይለናል።

በእናንተ ደጅ ሰላም ይውረድ፤ ወፍጯችሁ እህል አይጣ። መንገደኛ ሁሉ በደህና ቤቱ ይግባ።

እጇን መሬት አስነክታ የምትተኛው
እህታችሁ