ዝም ያሉት አራት ጎማዎች

ሐምሌ 9 ቀን። ባለፈው ማክሰኞ አባባ መኪናውን ይዘው ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ወጡ።

ሰው አልሞተም። ይህን ያስቀደምኩት ልብሽ ተንጠልጥሎ እንዳታነቢ ብዬ ነው። እታለም፣ እንደምን አለሽልኝ? ጤናሽስ? የባለቤትሽ ወገብ ተሻለው ወይስ አሁንም እየተደገፈ ነው የሚነሳው? ትልቋ ልጅሽን ሳሉ ለቀቃት? ትንሿስ እንደ በፊቱ ምግብ ታስቸግራለች? አማትሽ እንዴት ሰነበቱ? እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። አባባ የግራ እጃቸው አንጓ አብጦ በፋሻ ታስሯል። እማዬም ጉንጯ አብጧል፤ የእሷ ግን ጥርስ ተነቅላ ነው። እኔ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር ደህና ነኝ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ሳልጨርስ ማልቀስ ስለምትጀምሪ ነው። ከዚያ ለአባባ ትደውያለሽ፣ እሳቸውም ያሳምኑሻል። ስለዚህ ነገ ወደ እናንተ ለሚሄደው ለክሊኒኳ ነርስ ወንድም ይህን ደብዳቤ እሰጠዋለሁ። ሁለት ጊዜ አንብቢውና ከዚያ ደውዪ።

አምና ስትመጪ በአባባ ፒክአፕ ስንሄድ ጆሮሽን ይዘሽ «ይሄ መኪና ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?» ማለትሽ ትዝ ይልሻል? ያን ቀን እማዬ የፊቱን ወንበር አልለቅም ብላ አንቺን ኋላ ስላስቀመጠችሽ አኩርፈሽ ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ ለመጣች ልጅ ወንበር ይነፈጋል ወይ ብለሽ ለእኔ ነገርሽኝ። እኔም በስተርጅና ፍቅር ብሶባቸው ነው ብዬ አሳቅሁሽ። ያን ሳቅ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሄድሽ በኋላ አራቱን ጎማዎች ላክሽ። የደረሱት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፣ ያሰርኳቸውም እኔ ነኝ። እታለም፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ጎሚስታ ሆኜ ሠርቻለሁ። ካርቶኑን ስከፍት ለእኛ መንገድ እንዳልሆኑ በአንድ እይታ አውቄያለሁ። ጥርሳቸው ጥቅጥቅ ያለና ጥልቀት የሌለው፣ ጎናቸውም ስስ ነው። ለስላሳ አስፋልት ላይ እንዲህ ያለ ጎማ ውሃ ላይ እንደሚሄድ ነው፣ ድምፅ የለውም። ጭቃ ውስጥ ሲገባ ግን ክፍተቱ ወዲያው ይደፈንና እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ጉድጓድ ሲያገኝ ደግሞ ስስ ጎኑ ምቱን አይውጠውም፣ ለብረቱ ለቸርኬው ያቀብለዋል። የድሮዎቹ ጥርሳቸው የተራራቀ ስለነበር ይጮሃሉ፤ ግን ጭቃውን ቧጥጠው ይወጡ ነበር። ከወፍጮው እስከ ክሊኒኩ ያለው መንገድ በዚህ ክረምት እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፦ እኔ ሱቅ ብቻ በቀን አራት አምስት የተጣመመ ቸርኬ ይመጣል። አንዱ የታክሲ ሹፌር ቸርኬውን ለማስቃናት ሲመጣ «እንደምን አደርክ» ማለቱን ትቶ «ያው ነኝ» ብቻ ብሎኝ ነው የሚቀመጠው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ዝም አልኩ። እህቱ የላከችውን በምቀኝነት አጣጣለ እንዳልባል ነው። ለአባባም ሐር የመሰሉ ጎማዎች ናቸው አልኳቸው።

የመጀመሪያውን ቀን ነድተው ሲመለሱ ሸሚዛቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተለጥፎ ነበር። እንዴት ናቸው ብዬ ብጠይቃቸው ዲዳ ናቸው አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አሮጌዎቹን እንዳትጥል ብለው ሁለቴ አስጠነቀቁኝ። እኔም ሱቄ ጣሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው።

ማክሰኞ እማዬ ጥርሷን ልትነቀል ጠዋት በእግሯ ወደ ክሊኒክ ሄደች። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲወርድ አባባ ላምጣት ብለው ብቻቸውን ተነሱ። ልብስ ሰፊው ቤት ጋ ሲደርሱ የቀኝ ጎማቸው ከአስፋልቱ ጠርዝ ወጥቶ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ቸርኬው ተሰነጠቀ፣ ንፋሱ በአንድ ጊዜ ወጣ፣ መኪናው ጭቃው ላይ ተንሸራቶ በረንዳው ላይ ወጣ። የስፌት መኪናው ከነጠረጴዛው ግድግዳው ላይ ተጨፍልቋል። ልብስ ሰፊውን ታውቂዋለሽ፣ ሚሊሜትር የምንለው ነው። አንድ ደንበኛ ወገቤን ለካኝ ብሎት ወደ ውስጥ ከገባ ሁለት ደቂቃ አይሞላም ነበር። እኔ ስደርስ መቁረጫ መቀሱን እንደያዘ ቆሞ «ጋሼ፣ ዛሬስ ልኬን ወሰዱኝ» ይላቸዋል። ሰዉ ሳቀ። አባባ ግን ያዩት እሱን ሳይሆን ከጎኑ ያለውን ምሰሶ ነበር። ይቅርታ የጠየቁት ምሰሶውን ነው።

ያን ጊዜ ድንጋጤው ነው ብዬ አለፍኩት።

መኪናውን ጎትተን ሱቄ አመጣነው። አባባም በነጋታው መጡ። የተጎዳውን ቸርኬ ከመጋጠሚያው ፈትቼ ሰጠኋቸው፤ በጎማ ቁልፍ መታ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉና ከየት እስከ የት እንደተሰነጠቀ በጣታቸው አሳዩኝ። ልክ ነበሩ። ይህን ዘዴ ለእኔም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ጤነኛ ቸርኬ እንደ ደወል ነው፣ የተሰነጠቀ እንደ ጣሳ ነው። ቀጥዬ የግራውን ጎማ ላየው ብዬ የንፋስ መለኪያውን አነሳሁና ፊታቸው ላይ ይዤ፣ እጄ ቆሽሾ ስለነበር በክርኔ ላቤን እየጠረግሁ፣ አባባ ስንት ይላል አልኳቸው።

«ሠላሳ ሁለት» አሉኝ።

መለኪያውን ገና ጎማው ላይ አልሰካሁትም ነበር። ቀስቱ ዜሮ ላይ ነው።

እታለም፣ እጄ ላይ የነበረው ብረት ቀዘቀዘኝ። ፀሐይ ወጥቷል፣ ቀኑ ብሩህ ነው፣ እሳቸው ክንዴ ጋ ቆመው ነው። መለኪያውን ዝቅ አደረግሁት፤ ዓይናቸው አልተከተለውም። እሳቸው ግን ዝምታዬን ሰሙት። ጆሯቸውን ታውቂዋለሽ። «ለእህትህ እንዳትነግራት» አሉኝ።

ማታ እማዬን ጓዳ ይዤ ጠየቅኋት። ያበጠ ጉንጯን በጨርቅ ይዛ ነገረችኝ። ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ብርሃንና ጥላ ያያሉ፣ ሰውን ከዛፍ አይለዩም። መንገዱን የሚያውቁት በጎማው ድምፅ ነበር። ሲያጉረመርም አስፋልት ነው፤ የቀኙ ሲከረክር ጠርዝ ወጥተዋል፤ ሲያስተጋባ ድልድይ ነው። የቀረውን እሷ ናት የምታየው። ጭናቸውን አንዴ ስትቆነጥጣቸው ፊት ለፊት ሰው አለ ማለት ነው፣ ሁለቴ ስትቆነጥጣቸው ፍሬን ነው። የፊቱን ወንበር ያልለቀቀችልሽ ለዚህ ነው። አዲሶቹ ጎማዎች ከታሰሩ ወዲህ ሁሉም ነገር በእሷ ጣት ላይ ወድቆ «ጭኑን አቆሰልኩት» አለችኝ። ልስቅ አፌን ከፈትኩ፣ ሳቅ ግን አልወጣም።

ዓይን ሐኪም ጋ ለምን አልሄዱም አልኳት። መንዳት አቁም እንዳይላቸው ፈርተው ነው አለች። ምናልባት የዓይን ሞራ ይሆናል፣ ምናልባት በአንድ ቀን የሚገፈፍ ነገር ይሆናል። ማንም አያውቅም፣ ምክንያቱም ማንም አላያቸውም።

ሌሊቱን የቆጠርኩት ሰው ነው። ሁልጊዜ ቅዳሜ አባባ ከነሸክማቸው ከኋላ የሚጭኗቸው ጎረቤቶች ስምንት ናቸው። ባለቤቴን ከነሰባት ወር ሆዷ ሁለቴ ለክትትል አድርሰዋታል፤ ሁለቴም በሩን ከፍቼ ያስገባኋት፣ ቀበቶዋን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። አንቺም ከልጆችሽ ጋር አምና ሦስት ሳምንት ተሳፍረሻል።

ትናንት አባባ አስጠርተውኝ ጥፋቱ የጎማው ነው አሉ። በከፊል እውነት ነው። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«አሮጌዎቹ ይነግሩኛል። አርባ ዓመት ከመንገድ ጋር ያወራሁት በእነሱ ነው። ነገ እሰርልኝ፣ ቅዳሜ እናትህን ሐኪም ቤት እመልሳታለሁ።»

እማዬም አጠገባቸው ቆማ ቤት ከዋለ ይሞትብኛል ብላ በዓይኗ ለመነችኝ። እሺ አልኩ። እታለም፣ እሺ ብያቸው ነው የወጣሁት።

ዛሬ ጠዋት ያንን እሺ ለመፈጸም ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ሁለቱን አወረድኩ። ከዚያ ከሱቄ አጠገብ ያለው መካኒክ የጭነት መኪናውን ሊሞክር ሲወጣ አብሬው ገባሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። የእሱም ጎማ ጥርሱ የተራራቀ፣ የሚጮህ ነው። እንቅልፍ ነው የመጣብህ ብሎ ሲያሾፍብኝም ዓይኔን አልገለጥኩም። አባባ እውነታቸውን ነው። አስፋልቱን ሰማሁት፣ ጠጠሩን ሰማሁት፣ ድልድዩን ሰማሁት። የክሊኒኩን መታጠፊያ ሳላይ አወቅሁት። እንዴት ያለ ጆሮ ነው ብዬ ኮራሁባቸው እንኳ። ከዚያ መካኒኩ በድንገት ፍሬን ያዘ። ዓይኔን ስከፍት አንዲት ሴት ባልዲ ተሸክማ ፊታችን እየተሻገረች ነው። ምንም አልሰማሁም ነበር። ጎማ የሚናገረው መንገዱን ነው፤ መንገዱ ላይ የቆመው ሰው ድምፅ የለውም።

አባባ ሲደውሉልሽ ጥፋቱ የጎማው ነው ይሉሻል፣ ወንድምሽን እንዲያስር ንገሪው ይሉሻል። አንቺም ጎማዎቹን የላክሽው አንቺ ስለሆንሽ ትጸጸቻለሽ፣ እሺ ለማለት ይቀልሻል። እሺ እንዳትዪያቸው። በእኔም በኩል እሺታዬን ልመልሰው ነው።

ባለቤትሽን እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ፤ በወገቡ ከባድ ነገር አያንሳበት። ትልቋን በሁለቱም ጉንጯ፣ ትንሿን ስትበላ ብቻ ሳሚልኝ። አማትሽን እግራቸውን ስሜያለሁ በዪልኝ። ባለቤቴ እየተነፈሰች፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሰላም ትልሻለች። ሚሊሜትርም ስትመጪ ልክሽን እወስዳለሁ ብሏል።

ከሱቄ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት።

ሁለቱ ጎማዎች በሩ ላይ ተኝተዋል፣ ሁለቱ ገና ጣሪያ ላይ ናቸው። መኪናው በክሪክ ላይ እንደተነሳ ነው። አባባ መጥተው በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጠዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሲወርዱ ሊሰሙ ጆሯቸውን ወደ ጣሪያው አዙረዋል። መሰላሉን አጥፌዋለሁ። ብሎኖቹን ሁሉ ኪሴ ከትቻለሁ። አሁን ወጥቼ እጃቸውን ይዤ በእግራችን ወደ ዓይን ሐኪሙ እንሄዳለን፤ እምቢ ካሉም ከጎናቸው እቀመጣለሁ።